ማንም ያልቆረጠው ነሐስ

ጉርድ ሾላ ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት የብረታ ብረት ሱቆች አንዱ ገብቼ «ድፍን ነሐስ ይኖርሃል?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሻጩ ጆሮው ውስጥ የሰካውን ነገር እንኳ ሳያወጣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ጎልድ ከለር ነው የፈለጉት?» አለኝ። እኔ ነሐስ አልኩ እንጂ ከለር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ገጥሜ ቀለበት ሠራሁና «ውፍረቱ ይህን የሚያህል፣ ድፍን፣ ክብ፤ ርዝመቱ አንድ መዳፍ ቢሆን ይበቃኛል» አልኩት። ጓዳ ገባና አንድ ቢጫ የመጋረጃ ዘንግ ይዞ መጣ። ተቀብዬ በቤቴ ቁልፍ መታ መታ አደረግሁት፤ እንደ ባዶ ጣሳ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቢጫ የተቀባ ቆርቆሮ ነው።» «አይ ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው። ኳሊቲ ነው። ለሳሎን ደግሞ አሪፍ ይሆናል።» ለሳሎን! ዛሬ ብረት የሚሸጠው ለሳሎን ነው። ያብረቅርቅ እንጂ ውስጡ ባዶ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም፤ የጠያቂውስ ውስጥ መቼ ሞላና። እኔ ብረትን የማውቀው በድምፁ ነው። ዓይኔን ሸፍናችሁ የመኪና ባሌስትራና የሕንፃ ፌሮ አጠገቤ ብትጥሉ የቱ የቱ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ነሐስማ ሲመቱት ይዘምራል፤ ድምፁ ጆሮ ውስጥ ቆይቶ ነው የሚሄደው። በዚህ ጆሮዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ነሐሱን የፈለግሁት ለይመር ነው። ይመር ወሎዬ ነው፤ ገርጂ ውስጥ ጋራዥ ነበረው፤ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እኔ ደግሞ ማተሚያ ቤት ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሁለታችንም በሽታ አንድ ነው፤ ቶርኖ። ብረቱን እያሽከረከረ እንደ ድንች የሚልጠውን ማሽን ማለቴ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ካርታ ይጫወታል፣ እኛ ብረት እንልጣለን። ከብዙ ዘመን በፊት በእንፋሎት የምትዞር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገባ ሞተር መሥራት ጀምረን ነበር። ስሟ «ትንሿ» ነው። ምን ትሠራለች ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም፤ ምንም አትሠራም፣ ትዞራለች። መዘውሯ ከአሮጌ የፍሬን ከበሮ፣ ዘንጓ ከተሰበረ የጭነት መኪና ዘንግ፣ ሁሉ ነገሯ ከውዳቂ የተለቀመ ነው። የቀራት ሲሊንደሯ ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ ገብቶ ፒስቶኗን የሚገፋባት ቧንቧ። ይመር «ከነሐስ ካልሆነ አይሆንም» ብሎ ስለማለ፣ እሱ ቤት መደርደሪያ ላይ ሳትዞር አርጅታለች። አሁን ስኳር በሽታ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ግቢውም ለሌላ ነገር ይፈለጋል ስለተባለ፣ ልጁ እሱንና ሚስቱን ዘይነባን ኮምቦልቻ ልትወስዳቸው ነው። ቅዳሜ ይሄዳሉ። ሰኞ ዕለት በስልክ «ደምሴ፣ ማየቱስ ቀረ፤ ድምጿን እንኳ ሳልሰማ ልሄድ ነው» አለኝ። ይመር የሚያለቅስ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። «አርብ ትሰማታለህ» አልኩት። አፌ ነው እንጂ እጄ ላይ አንዲት ቁራጭ ነሐስ አልነበረችም።

ያኔ ቢሆን ይህ ሁሉ መንከራተት ባላስፈለገ። ያኔ ስል የትኛው መንግሥት ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ይመጣል ይሄዳል፤ እኔ የማስታውሰው በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ተበልቶ መልስ የሚቀበሉበትን ጊዜ ነው። የገርጂ መንገድ ኮረኮንች ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ከይመር ግቢ ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ማዶ ባሕር ዛፍ። አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ ደርሶ ሲያልፍ የሚያርሱት በሬዎች ቀና ብለው አያዩትም ነበር፤ የዛሬው ሰው አንድ አዲስ መኪና ሲያልፍ አንገቱ እስኪቀጭ ይዞራል። ዛሬ ኢምፔሪያል ብላችሁ በሚኒባስ የምትጋፉበት ቦታ ፍየል ይግጥበት ነበር፤ ፍየሎቹ ቢያንስ አይጋፉም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ቤት አስቀምጬ፣ ካኪ ሱሪዬን አጥልቄ ይመር ጋ እሄዳለሁ። ይመር ሽርጡን ታጥቆ ቶርኖውን ዘይት ሲያጠጣ አገኘዋለሁ። ገዛኸኝ ይመጣል፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ቤል ቦተም ሱሪው ግቢውን እየጠረገ። ወልዴ ይመጣል፤ የወላይታ ሰው ነው፣ የወፍጮ ቤት መካኒክ፣ ጴንጤ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ በቀጥታ ከጸሎት ቤት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ትራንዚስተር ትዘፍናለች። ወልዴ «እኔ ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም» ይላል፣ እግሩ ግን ሳያስፈቅደው መሬቱን ይመታል። ዘይነባ ማድ ቤት ሆና ምሳ ትሠራለች። ሥጋ ስለማያገናኘን ሁልጊዜ ሽሮ ወይ ምስር ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሽሮ ደግሜ አልበላሁም።

ከአራታችን አንዳችንም ለትርፍ ጊዜ ሥራችን ብረት ገዝተን አናውቅም። የይመር በር ላይ አንድ አሮጌ በርሜል ነበር። ከየመሥሪያ ቤታችን የሚጣለውን ቁርጥራጭ አስፈቅደን እናመጣና እዚያ ውስጥ እንጥላለን። የፈለገ የፈለገውን ያወጣል፣ ባወጣው ምትክ ሌላ ይጥላል። ደህና የሚባለውን ትልቅ ቁራጭ ግን ዝም ብሎ ማንሳት የለም፤ ያነሳው ሰው ጫፉ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይመታበታል። ፊደሉን እያንዳንዳችን ከባሌስትራ ቁራጭ በሞረድ ቀርጸን ያዘጋጀነው ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት ብረት ላይ ይታተማል። የእኔ «ደ» ናት፣ የይመር «ይ»፣ የገዛኸኝ «ገ»፣ የወልዴ «ወ»። ሳይሠራበት ከመለሰው ደግሞ፣ ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው የራሱን ከጎኑ ይመታል። ስለዚህ አንድ ብረት በማን በማን እጅ እንዳለፈ ጫፉን አይቶ ማወቅ ይቻል ነበር። አሁን የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው መሰላል ልዋስ ብዬ የጎረቤቴን በር ባንኳኳ በቀዳዳው አይቶኝ ዝም አለ፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል እኮ! በርሜል በር ላይ ብናስቀምጥ በማግስቱ በርሜሉ ራሱ አይገኝም።

አንድ እሑድ ገዛኸኝ፣ አሰብ የእኛ ወደብ በነበረበት ጊዜ ነው፣ ከአሰብ ሲመለስ ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከሚፈርስ መርከብ ፓምፕ ላይ የተፈታ ነሐስ ነበር፤ ድፍን፣ ክብ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ። ይመር «ማሻአላህ» አለ፣ ወልዴ «ጌታ ይባረክ» አለ። እኔ በመፍቻ መታሁትና ሁላችንም ድምፁ እስኪያልቅ ቆመን ሰማን። ያን ዕለት ትንሿ ሲሊንደር አገኘች ብላችሁ ካሰባችሁ ባለ ቶርኖዎችን አታውቁም ማለት ነው። ገዛኸኝ «ገ» መታበትና ወሰደው፤ «እንዲህ ያለ ነሐስ ለተራ ነገር አይቆረጥም» ብሎ ለወራት አስቀምጦ እንዳለ መለሰው። ወልዴ «ወ» መታበት፤ ለወፍጮው ሊሠራበት ነበር፣ እጁ እምቢ አለውና መለሰው። እኔ «ደ» መታሁበት፤ ቶርኖዬ ላይ አሰርኩት ሁሉ፤ ስለቱን ሳስጠጋ «ከዚህ የተሻለ ሥራ ቢመጣስ?» የሚል ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ቆመ። ፈትቼ፣ በጨርቁ ጠቅልዬ መለስኩት። በመጨረሻ ይመር «ይ» መታበት፤ ለትንሿ ሊቆርጠው። እሱም ዛሬ ነገ ሲል ከእጁ ላይ ጠፋ። አንድ እሑድ ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ግቢው መሀል ቆሟል። «ግድግዳ አስደግፌው ነበር» አለ፤ «የለም።»

በርሜሉን ገለበጥን። ጋራዡን አመሰቃቀልን። የእያንዳንዳችንን ፊት እያየን፣ እንዳንጠራጠር እየተጠራጠርን፣ ቁጭ ብለን ፈረድን፤ ቆራሌው ነው! በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚሰበስበው ሰውዬ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ያለፈ ቆራሌው ሁሉ ጆንያውን ሳይገለብጥ አላለፈም። ምሳ እየጠበቅን ቆራሌውን እንረግማለን፣ ምሳ እየበላን ቆራሌውን እንረግማለን። ዘይነባ ማድ ቤት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሏን ትወቅጣለች፤ ሙቀጫውን ይመር ራሱ ከወፍራም ቧንቧ የበየደላት ነው። ውቀጣው እርግማናችንን ሲሸፍነው ይመር «ኧረ ዘይነባ፣ ቀስ በይ!» ብሎ ይጮሃል። ገዛኸኝ ቆራሌውን እንደረገመ ሞተ። ወልዴ እንኳ፣ ሰው መርገም ኃጢአት ነው ሲል የኖረው፣ ታሞ ልንጠይቀው ሄደን «ያን ሌባስ ጌታ ይየው» ብሎን ነው ያረፈው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ከጉርድ ሾላው የመጋረጃ ነጋዴ ወጥቼ ኢምፔሪያል አካባቢ ሌላ ሱቅ ገባሁ። እዚህኛው እውነትም ነሐስ ነበረው። ዋጋውን ሲነግረኝ የሱቁን በር ጭምር የሚሸጥልኝ መሰለኝ። «መዳፍ የምታህል ብቻ ቁረጥልኝ» ብለው «አንቆርጥም ፋዘር፣ ሙሉ ዘንጉን ነው የምንሸጠው» አለ። ከቁመቴ የሚረዝም ነሐስ ምን ላደርገው ነው፣ ልቀበርበት? የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ኢንጂነር ነኝ ባይ ነው፣ ጭንቀቴን ሰምቶ «ጋሼ ደምሴ፣ ለምን ይለፋሉ? ኦንላይን ይዘዙ፤ በሁለት ወር ከች ነው» አለኝ። አርብ እያልኩት ሁለት ወር ይለኛል። የነገሩን ክፋት የተረዳሁት ግን ቦሌ ላይ ነው። እግሬ ሲዝል አንድ ካፌ ገባሁ። መግቢያው ላይ ቶርኖ ቆሟል! ወደ ጠፋ ዘመድ እንደሚሄዱ ሄድኩ። ብጠጋ ከላይ እስከ ታች ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል፣ ብረት የሚታሰርበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቷል፣ አንዲት ልጅ ተደግፋው ፎቶ ትነሳለች። አስተናጋጇን «ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ዲኮር ነው አባባ» አለችኝ። ያን ማሽን የሠራበት ሰውዬ ስንት ልጅ አሳድጎበት ይሆናል፤ ዛሬ አበባ ተሸካሚ ሆነ። የማኪያቶዬን ግማሽ ትቼ ወጣሁ።

ረቡዕ ዕለት የመጨረሻውን ሞከርኩ። ከኮንዶሚኒየማችን አለፍ ብሎ፣ ትናንት ሽንብራ ይበቅልበት የነበረ ቦታ ላይ፣ ውዳቂ ብረት የሚከማችበት ግቢ አለ። በበሩ ሽንቁር ሳይ የነሐስ ቧንቧ መክፈቻው፣ የበር እጀታው፣ የውሃ ፓምፑ ተራራ ሆኗል። ምራቄን ዋጥኩ። ዘበኛው ግን ገና ሳልናገር «መልቀም ክልክል ነው» አለኝ። «ልግዛ እንጂ ልስረቅ አላልኩም።» «በኩንታል ነው የሚሸጠው፣ እሱም ለማቅለጫ ፋብሪካ ነው። ለግለሰብ አይቻልም።» «አንድ ቁራጭ፣ መዳፍ የምታህል?» «አባባ፣ ሥራ አያስፈቱኝ።» ሥራው እኮ በር ላይ መቀመጥ ነው። ሽማግሌ ውዳቂ እንዳይለቅም ዘበኛ የሚቀጠርበት ዘመን ላይ ደረስን! ይኸውላችሁ ሸገር፤ ብረት በብረት ላይ ተቆልሎባት፣ ለአንዲት ትንሽ ሞተር የሚሆን ቁራጭ የላትም።

ሐሙስ ጠዋት ባዶ እጄን ገርጂ ሄድኩ። የይመር ግቢ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ፍራሽ፣ ቁምሳጥን፣ የድስት ክምር። ይመር አጥር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ትንሿን ጭኑ ላይ አድርጎ መዘውሯን በጣቱ ያዞራል።

«ደምሴ ነህ? አረማመድህን አውቀዋለሁ» አለ። «አገኘህ?»

«ከዚህ እስከ ጉርድ ሾላ ያለው ሁሉ ባለ ሳሎን ነው። ነሐስ የለም፣ ይመር። አላገኘሁም።»

መዘውሯን ማዞር ተወ። አንገቱን ደፋ። ቆይቶ እንደ መሳቅ አለና «ያ ቆራሌው ጉድ ሠርቶን ሄደ» አለ።

ዘይነባ የማድ ቤቱን የመጨረሻ ዕቃ በትልቅ የብረት ሳፋ ተሸክማ ስትወጣ ሰማችን። «ዛሬም ቆራሌው ላይ ናችሁ? አይ እናንተ!» አለችና ሳፋውን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ሳፋው ውስጥ ዘነዘናዋ ተንከባልላ የሙቀጫውን አፍ መታች።

ዘመረች። ድምፁ ግቢው ውስጥ ቆየ። ይመር የማያይ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ፣ እኔም ወደ እሱ ዞርኩ፤ ሁለታችንም እስኪያልቅ ሰማነው። ከዚያ ሳፋው ጋ ሄጄ ዘነዘናዋን አነሳሁ። ከታች በኩል ጠቁራለች፤ ከላይ፣ የዘይነባ እጅ የሚይዛት ቦታ፣ ከዚያ ካፌ ቀለም ይልቅ ታበራለች። ጫፏን ገልብጬ አየሁ። በመዳፍ ብዛት ለስልሰዋል እንጂ አሉ፤ «ገ»፣ «ወ»፣ «ደ»፣ «ይ»።

«ዘይነባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘነዘና ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል?»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከግድግዳ ሥር። የእንጨቱ ተሰንጥቆብኝ ሳለ ይሄ ቆሞ አገኘሁት። አጠብኩት፣ ወቀጥኩበት።»

ይመር ከበርጩማው ተነሳ። «አንቺ ሴትዮ! ያን ነሐስ? እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንፈልገው?»

«ታዲያ ማን ጠየቀኝ?» አለች ወገቧን ይዛ። «ወላሂ አንድ ቀን የጠየቀኝ የለም። ግቢውን አገላበጣችሁ፣ የድሃውን ሁሉ ጆንያ አስደፋችሁ። ማድ ቤት ራሱን ብቅ ያደረገ ወንድ ነበር?»

«ስናወራ አትሰሚም ነበር?»

«ምኑን ልሰማ? እናንተ ስታወሩ እኔ እወቅጣለሁ።»

ምን ይባላል? በእኛ ዘመን ወንድ ማድ ቤት አይገባም፤ ወጡን ያሸታል እንጂ ድስቱን አይከፍትም። ከተቀመጥንበት እስከ ማድ ቤቱ በር ድንጋይ ቢወረወር አልፎ ይሄዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ከሁሉ የናቅሁት ግን ጆሮዬን ነው። ብረትን በድምፁ የሚያውቀው ሰውዬ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ያ ነሐስ ጆሮው ሥር ሲዘምር ምሳ ደረሰ ማለት ነው ብሎ እጁን ሲታጠብ ኖሯል። የመጋረጃ ነጋዴው ቢያንስ አውቃለሁ አላለም።

ዘነዘናዋን ለይመር ሰጠሁት። ጫፏን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ገ። ገዛኸኝ ነው» አለ። «ይቺ... ወልዴ ናት። ሲመታ እንኳ ፈራ ተባ እያለ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ነፍሳቸውን ይማር።» ዓይኑ ማየት እንጂ ማልቀስ አልተወም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ።

«በል የብረት መጋዝህ የት ነው ያለው?» አልኩ አፍንጫዬን ጠርጌ። «ዛሬ ካልቆረጥን ለነገ አትደርስም።»

ይመር ነሐሱን ደረቱ ላይ አስጠጋው። «ቆይ እስቲ፣ ደምሴ። እንዲህ ያለ ነሐስ... የመርከብ እኮ ነው። ለትንሿ ሌላ ቁራጭ ብንፈልግላትስ? ይሄ ይቆይ፣ ለቁም ነገር ይሆናል።»

እግዜር ይመስክርብኝ፣ እኔም እውነትህን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘይነባ ሁለታችንንም አየችን። እኔ የመጋረጃ ነጋዴውን እንደዚያ አላየሁትም። «ለየትኛው ቁም ነገር?» አለች። «አንዱ ዓይን የለው፣ አንዱ ጉልበት የለው፣ ሁለቱ አፈር ውስጥ ናቸው። አራት ወንድ ሆናችሁ ፊደል መታችሁበት፣ አንዳችሁም አልሠራችሁበትም። እኔ ልጆች አሳድጌበታለሁ። የምትቆርጡ ከሆነ ቁረጡ፤ ካልሆነ አምጡልኝ፣ ዕቃ ልሸክፍ።» ከዚያ ዞር ብላ «የምይዝበትን በኩል እንዳትነኩብኝ!» አለች።

ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ገና አልተነቀለም ነበር። ይመር በመዳፉ እየዳሰሰ አሰረው፣ እኔ ከታች በኩል፣ ጥቁሩ ጋ፣ መዳፍ የምታህል ለክቼ መጋዙን አስገባሁ። ከጥቁሩ ሥር ወርቅ የመሰለ ዱቄት መፍሰስ ጀመረ። ይመር እጁን ከሥር ዘርግቶ ተቀበለው፤ «ሞቅ ይላል» ይላል ደጋግሞ፣ «ሞቅ ይላል።» ቁራጩ ሲወድቅ ሁለታችንም እንደ ሌባ ዞር ዞር አልን። ምንም አልሆነም። ለዚች ነው እንግዲህ ዕድሜያችንን ሙሉ የፈራነው።

ዘነዘናዋን ፊቷን ላስተካክልላት ብዬ አብሬ ይዣት ሄድኩ። ቶርኖዬ በረንዳ ላይ ናት፤ ከሥር ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ደበደቡ፣ ኮሚቴው መጥቶ በሬን አንኳኳ። በቀዳዳው አየሁትና ዝም አልኩ። ከዘመኑ አንድ ነገር ብማር ምናለበት። ነሐሱ ስለቱ ሥር ሲላጥ እጄ ልኩን አልሳተም። ማታ ሳልተኛ ከባሌስትራ ቁራጭ አንድ አዲስ ፊደል በሞረድ ቀረጽኩ።

አርብ ይመር ከጁምዓ ሲመለስ ሲሊንደሯን ገጠምናት። ዕቃ ሊጭኑ የመጡት ልጆች መኪናው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ውሃውን በቡታ ጋዝ አፈላን። ትንሿ መጀመሪያ ሳል ሳል አደረጋት፣ ውሃ ተፋችብን፣ ቆመች። ይመር «ቆይ» አለና መዘውሯን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ያዘች። መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ እኩል፣ ኋላማ ማን ያስቁማት! ይመር ጣቱን ከመዘውሯ አጠገብ ነፋሷ በሚነካው ቦታ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አላየሁበትም። ከጫኞቹ አንዱ ከመኪናው ወርዶ መጣና «አባባ፣ ምን ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ትዞራለች» አለ ይመር።

ውሃዋ እስኪያልቅ ዞረች። ከዚያ ዘነዘናዋን ለዘይነባ ሰጠኋት። የበርሜሉ ሕግ ሕግ ነው፤ ያነሳ ሰው ፊደሉን ይመታል፣ እሷ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ይዛዋለች። አዲስ በተቆረጠው ንጹሕ ፊት ላይ «ዘ» መትቼበት ነበር። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ በጥፍሯ ቦረቦረችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ፊደል ናት። ዘ።»

«በሚወቅጠው በኩል መቱት? እዚች ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲገባ ማን ሊያወጣው ነው?» አለች። ራሷን እየነቀነቀች ሻርፗን ፈታችና ዘነዘናዋን ጠቀለለቻት። መኪናው ላይ ግን አልጫነቻትም፤ በማግስቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣት ሄደች።

እሑድ ቀን ይመር ከኮምቦልቻ ደወለ። ስለ መንገዱ ነገረኝ፣ ስለ ልጁ ቤት ነገረኝ። ትንሿን መስኮት ላይ አስቀምጠዋታል። ከጀርባው ውቀጣ ይሰማኝ ጀመር። ነሐሱ ስላጠረ ድምፁ ቀጥኗል፤ ይሄን እንኳ አውቄያለሁ።

«ኧረ ዘይነባ፣ ቀስ በይ!» ብሎ ጮኸ ይመር።

«ተዋት» አልኩት። «ትወቅጥ።»